ፒንግ ይሄዳል፣ ዝርዝሩ አይመጣም፦ የአንድ ኮምቦልቻ መጋዘን ጉዳይ

ሐጂ የደወሉልኝ ነሐሴ ላይ ነው። ደሴ ጉም ወርዶባት የቶሳ ተራራ ከናካቴው አይታይም ነበር። "ልጄ፣ ኔትወርክ የለም" አሉኝ። "ሦስተኛ ቀናችን ነው። መኪና ቆሞብኛል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን አጣ።"

ሐጂ የግንባታ ዕቃ ያከፋፍላሉ። ሱቁና ዋናው ቢሮ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። መጋዘኑ ግን ታች ኮምቦልቻ ነው። ሽያጩ ደሴ ይመዘገባል። ኮምቦልቻ ያለችው የመጋዘን ሠራተኛ ዝርዝሩን በኮምፒውተሯ ታያለች። ከዚያ ቆርቆሮውም ሚስማሩም ይጫናል። መረጃው ሁሉ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የተቀመጠው ደሴ ነው። ሁለቱን ቢሮዎች የሚያገናኛቸው በኢንተርኔት ላይ የተዘረጋ ቱነል ነው፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ያህል የሚያነጋግራቸው መስመር ማለት ነው።

"ኔትወርክ የለም" የምትለዋን አባባል ሁላችንም እናውቃታለን። ስልክ ሲቆራረጥ እንላታለን። ሰልፍ ይዘን ተራችን ሲደርስ "ሲስተም የለም" የምንባለውም ያው እሷው ናት። ክፋቷ ወሬውን እዚያው መዝጋቷ ነው። ከእሷ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ። ትምህርት ቤት ለፈተና የምንሸመድዳቸው ሰባቱ ሌየሮች፣ የኔትወርክ ሥራ የሚከፈልባቸው እርከኖች፣ ይህችን አባባል ለመሰነጣጠቅ የሚያገለግሉ መሣሪያ መሆናቸው በደንብ የገባኝ በሐጂ መጋዘን ነው። ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እዚያው ስልኩ ላይ እያለሁ የመጋዘን ሠራተኛዋን ልጅ እንዲያገናኙኝ ጠየቅኳቸው። "የመግቢያው ገጽ ይከፈታል?" አልኳት። "አዎ።" "ስምሽንና የይለፍ ቃልሽን ይቀበላል?" "ይቀበላል። የዕለቱን ዝርዝር ስጫን ነው ነጭ ሆኖ የሚቀረው። ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ይተወዋል።"

እንግዲህ ኔትወርክ አለ ማለት ነው። ቢያንስ የሆነ ክፍሉ አለ። የትኛው ክፍል እንዳለና የትኛው እንደሌለ ለመነጋገር ግን ለክፍሎቹ ስም ያስፈልጋል።

ከደሴ ኮምቦልቻ ለእህታችሁ በርበሬ ስትልኩ አስቡት። በርበሬውን በላስቲክ ታሽጋላችሁ። በከረጢት ታስራላችሁ። ላዩ ላይ ስምና ስልክ ቁጥር ትጽፋላችሁ። መናኸሪያ ወርዳችሁ ለሚኒባስ ረዳት ትሰጣላችሁ። ረዳቱ ውስጡ በርበሬ ይሁን ሽሮ አያገባውም፤ የሚያየው የተጻፈውን ነው። ሾፌሩ የተጻፈውንም አያይም፤ የእሱ ጉዳይ ሐረጎን በሰላም መውረድ ነው። አስፋልቱ ደግሞ ሚኒባስ ይለፍበት የጭነት መኪና ለይቶ አያውቅም። እህታችሁ ደውላ "ሁለቱ ከረጢት ደርሷል፣ ሦስተኛው የታለ?" ስትል፣ ይህ ወሬ በእናንተና በእሷ መካከል ነው። ሾፌሩ አልሰማውም።

ኮምፒውተሮችም እንደዚሁ ነው የሚነጋገሩት። አስፋልቱ አንደኛው፣ ፊዚካል የሚባለው ሌየር ነው፦ ሽቦው፣ ብርሃኑ፣ የሬዲዮ ሞገዱ። መኪናው ሁለተኛው፣ ዳታ ሊንክ ነው፤ ከአንድ መናኸሪያ እስከሚቀጥለው ያደርሳል። አድራሻው ሦስተኛው፣ ኔትወርክ ነው፤ አይፒ የሚሠራው እዚህ ነው። "ስንት ላክሁ፣ ስንት ደረሰ" የሚለው ቆጠራ አራተኛው፣ ትራንስፖርት ነው፤ የቲሲፒ ሥራ ነው። በርበሬው ራሱ ሰባተኛው፣ አፕሊኬሽን ነው። አምስተኛውና ስድስተኛው፣ ሴሽንና ፕረዘንቴሽን፣ በወረቀት ላይ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። በዛሬ ኔትወርክ ግን ሥራቸውን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ ጠቅልሎ ይሠራዋል።

ይህ ባለሰባት ሞዴል ኦኤስአይ ይባላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው ደረጃ አድርጎ ያወጣው። ያኔ የኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤም የራሱ አሠራር ነበረው፣ ሌላውም የራሱ፤ የአንዱ ማሽን ከሌላው ጋር በቀላሉ አይግባባም ነበር። ዓለም በመጨረሻ በሥራ ላይ ያዋለው ግን ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በ1974 ያቀረቡትን መንገድ፣ ቲሲፒ አይፒን ነው። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደዚህ ተሻገረ። ቲሲፒ አይፒ ነገሩን በአራት እርከን ይጨርሰዋል። ከኦኤስአይ የቀረልን ዋናው ነገር ቁጥሮቹ ናቸው። ዛሬም መርካቶ ሄዳችሁ "ሌየር 2 ስዊች"፣ ማለትም የቢሮ ኮምፒውተሮች ገመድ የሚሰካበትን ሳጥን፣ ብትሉ ሻጩ ይገባዋል።

በማግስቱ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ሐጂ በር ላይ ጠበቁኝ። ሦስት ሹፌሮች ጥላ ስር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። መጋዘኑ ውስጥ ሁሉም የየራሱ ተጠያቂ አለው። ልጅቷ ፕሮግራሙን ትጠረጥራለች። ዘበኛው ከሦስት ቀን በፊት የጣለውን ዝናብ። ሐጂ ኢንተርኔት የሚያቀርበውን። ደሴ ያለው የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ በስልክ "እኔ ጋ ሁሉም ሰላም ነው፣ ምንም አልነካሁም" ይላል።

ከታች ጀመርኩ። ይህ ልማዴ ነው፤ መሠረቱ ያልጸና ቤት ጣሪያው አይመረመርም። መጋዘኑን ከኢንተርኔት ከሚያገናኘው ሳጥን፣ ከራውተሩ፣ እስከ ልጅቷ ክፍል የሚሄደው ገመድ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው የተዘረጋው። ርዝመቱ 60 ሜትር ገደማ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ገመድ የተፈቀደው 100 ሜትር ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም። ስዊቹ ላይ ያለችው መብራት ግን የምትበራው በዝግተኛው ፍጥነት ቀለም ነበር። የስህተት ቆጣሪውን ከፍቼ አየሁ፤ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይጨምራል። ጫፉን ቆርጬ መሰኪያውን፣ ኮኔክተሩን፣ በብርሃን ተመለከትኩት። ውሃ ገብቶበታል። ስምንቱ የመዳብ ጥርሶች ላይ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለብሷል። ሁለቱ ጥርሶች ጭራሽ ጠቁረዋል።

አዲስ ኮኔክተር ገጠምኩ። መብራቷ ቀለም ቀየረች። ቆጣሪው ቆመ። ዘበኛው "አላልኳችሁም? ዝናቡ ነው" አለ። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ሹፌሮቹን ሊጠሩ ተነሡ።

ልጅቷ ዝርዝሩን ተጫነችው። ነጭ። ይሽከረከራል።

ይህ ቅጽበት አሁንም ከአእምሮዬ አይወጣም። እውነተኛ ብልሽት አግኝቻለሁ፣ በእጄ ይዤዋለሁ፣ ጠግኜዋለሁ። ግን የምፈልገው ብልሽት እሱ አልነበረም። ሌየሮቹን በልቤ ባልይዝ ኖሮ አንድም "ኢንተርኔቱ ነው" ብዬ ወደ ደሴ እመለስ ነበር፣ አንድም ያንኑ ገመድ ደግሜ ደጋግሜ እፈታ ነበር። አሁን ግን አንደኛው ሌየር ተጣርቷል፤ ወደ ላይ መውጣት እችላለሁ።

ሁለተኛው ቶሎ አለቀ። ኮምፒውተሩ ራውተሩን ያየዋል፣ ፍሬሞች፣ የዚህ ሌየር ጥቅሎች፣ ይሄዳሉ ይመጣሉ። ሦስተኛው ላይ ደሴ ያለውን ሰርቨር ፒንግ አደረግሁ፤ "አለህ?" የሚል ትንሽ መልእክት ልኮ መልስ መጠበቅ ነው። አራት ላክሁ፣ አራት መለሰ። ደሴ ያለው ባለሙያ በስልክ "ይኸው፣ ፒንግ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው" አለኝ። አባባሉ እውነት ነበር፤ አላረካኝም እንጂ። በዊንዶውስ ላይ ፒንግ ዝም ብለህ ስትለው የሚልከው 32 ባይት ነው። ያ ማለት ሚኒባሱ ፖስታ ማድረስ ይችላል ማለት ነው። ጆንያ ማድረሱን አይነግርህም።

እዚህ ላይ ልጅቷ የተናገረችው ነገር ነው መንገዱን የከፈተልኝ። ሻይ እያቀረበችልኝ "የሚገርመው እኮ ጋሼ፣ የእኔ ሪፖርት ይሄዳል" አለች። "ትናንት ማታ የወሩን ቆጠራ ልኬ ደርሷቸዋል። ትልቅ ፋይል ነው። መቀበል ነው ያቃተኝ።"

ትልቅ ነገር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይወጣል። ትንሽ ነገር በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ትልቅ ነገር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ አይወርድም። የተቆረጠ ሽቦ እንዲህ አይመርጥም።

ኮምፒውተሯ ላይ ዋየርሻርክ ጫንኩ። በሽቦው የሚያልፈውን እያንዳንዱን ጥቅል እየመዘገበ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ዝርዝሩን ተጫነችው፣ አብረን አየን። መጀመሪያ ሦስቱ የቲሲፒ ሰላምታዎች፦ ልገናኝ፣ እሺ፣ ተገናኘን። ከዚያ "የዕለቱን ዝርዝር ስጠኝ" የሚለው ጥያቄ ወጣ። ከዚያ ከሰርቨሩ አንድ ጥቅል መጣ። አንድ ብቻ። 412 ባይት። ቲሲፒ የሚልከውን ባይት ሁሉ ስለሚቆጥር ጥቅሉ ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከ5841 ነበር። ከ1 እስከ 5840 ያለው የለም።

5840ን ለ1460 አካፍሉት። ልክ 4 ይመጣል። ሰርቨሩ አራት ሙሉ ጥቅልና አንድ ትርፍራፊ ልኳል። አራቱ ሙሉዎች መንገድ ላይ ቀሩ። ጅራቱ ደረሰ፣ ገላው ጠፋ።

1460 ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኤተርኔት በአንድ ፍሬም የሚሸከመው ቢበዛ 1500 ባይት ነው። ከዚያ ላይ 20 ባይት የአይፒ አድራሻ ጽሑፍ፣ 20 ባይት የቲሲፒ ቆጠራ ጽሑፍ ይቀነሳል። ለበርበሬው የሚተርፈው 1460 ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሰላምታ ሲለዋወጡ "እኔ እስከ 1460 እቀበላለሁ" ይባባላሉ። ሁለቱም የሚናገሩት የየቤታቸውን በር አይተው ነው። መሀል ያለውን መንገድ አያውቁትም።

መሀል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። የኢንተርኔት መስመሩ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እየጠየቀ የሚያገናኝ፣ ፒፒፒኦኢ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህ ለራሱ 8 ባይት ይወስዳል። ቱነሉ ደግሞ ጥቅሉን በሌላ ጥቅል ውስጥ ከትቶ ነው የሚልከው፤ 24 ባይት ይወስዳል። 1500 ሲቀነስ 32፣ 1468። ቱነሉን የዘረጋው ልጅ ሥራውን አውቆ ልኩን ራውተሮቹ ላይ በትክክል 1468 ብሎ አስገብቶታል። ችግሩ የመጣው ከእሱ አይደለም።

አሁን ወደ መናኸሪያው እንመለስ። ከረጢቱ ላይ "አይከፈት፣ አይከፋፈል" ተብሎ ተጽፏል። የዛሬ ኮምፒውተሮች በነባሪነት ይህን ነው የሚጽፉት። ረዳቱ ከረጢቱን ለካው፤ አይገባም። ከፍሎ ሊጭነው አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ይጥለውና ለላኪው መልእክት ይልካል፦ "በዝቷል፣ ወደ 1468 አሳንስና ላክ።" ላኪው ይህን ሲሰማ አሳንሶ ይልካል፣ ነገሩ ይፈታል። ይህ አሠራር በ1990 የተደነገገ ነው። መልእክቱን የሚያደርሰው ፒንግም የሚጠቀምበት አይሲኤምፒ የሚባለው የሦስተኛው ሌየር መልእክተኛ ነው።

መልእክተኛው ደሴ ደርሶ ምን ገጠመው? ይህን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ፒንግ አደረግን። ከኮምቦልቻ "አትከፋፍል" የሚል ምልክት ጨምሬ 1472 ባይት ላክሁ። ከራሱ ጽሑፍ ጋር 1500 ይሆናል። ወዲያው መልስ መጣ፦ መከፋፈል ያስፈልገዋል። ረዳቱ ተናግሯል፣ የልጅቷ ኮምፒውተርም ሰምቷል። የእሷ ሪፖርት እየወጣ የነበረው ለዚህ ነው። ከዚያ ደሴ ያለውን ባለሙያ "ያንኑ ከሰርቨሩ ላይ ወደ እኔ ሞክርልኝ" አልኩት። ሞከረ። ዝም። "1440 አድርገው።" መለሰ። "1441።" ዝም።

1440 ከ28 ባይት ጽሑፉ ጋር 1468 ነው። ልኩ አንዲት ባይት እንኳ አልተዛነፈም። ከኮምቦልቻ "አይገባም" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከደሴ ግን ዝምታ ብቻ። መልእክተኛው ደሴ በር ላይ ተመልሷል።

ያኔ ጥያቄዬን ቀየርኩ። ከሦስት ቀን ጀምሮ ሁላችንም የደሴውን ባለሙያ "የነካኸው ምንድን ነው?" ስንለው "ምንም" ይል ነበር። አሁን "ሰርቨሩ ፋየርዎል ላይ አይሲኤምፒን በተመለከተ ምን ተጽፏል?" አልኩት። ፋየርዎል የሚገባውንና የሚወጣውን የሚፈትሽ በረኛ ነው። ትንሽ ዝም አለና "እሱንማ ባለፈው ሳምንት አጥብቄዋለሁ" አለ። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ስለሚጠይቁ ቫይረሶች ሰምቶ፣ የሐጂ ንብረት እንዳይነካ ብሎ በሩን ሁሉ ዘግቷል። ፒንግ ብቻ ይለፍ ብሎ ሌላውን አይሲኤምፒ በሙሉ አግዷል። ሰርቨሩን እንደገና ያስነሣው ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። አዲሱ ደንብ ያኔ ሥራ ጀመረ። ዝናቡም የዘነበው ያኔው ነው።

የደሴው ባለሙያ አልዋሸም። ለእሱ "ኔትወርክ" ማለት ገመዱና ራውተሩ ነው፤ ፋየርዎል ደህንነት ነው፣ ሌላ ክፍል። "ኔትወርኩን ነካህ?" ብትለው መልሱ ከልቡ "አልነካሁም" ነው። ጥያቄያችን ነበር ደብዛዛ የነበረው። በሌየር ስንጠይቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሰ።

ሰርቨሩ ምን እያደረገ እንደነበር አስቡት። አራቱን ከረጢቶች ላከ። ደረሰኝ አልመጣም። ያንኑ መጠን ደግሞ ላከ። ትንሽ ጠበቀ፣ ደግሞ ላከ። ቲሲፒ በየሙከራው የሚጠብቀውን ጊዜ እጥፍ ያደርጋል። እያንዳንዱ ሌየር የራሱን ድርሻ በታማኝነት ሲሠራ ነበር። ሽቦው አድርሷል። አይፒ አድራሻውን አልሳተም። ቲሲፒ ሳይታክት ደግሟል። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን በትክክል አዘጋጅቷል። የተቆረጠው ከሦስተኛው ሌየር ወደ አራተኛው የምትሄድ አንዲት ወሬ ናት።

እዚህ ላይ መምህራን ቢያክሉልኝ የምወደው ነገር አለ። ሞዴሉ ሲሰጥ "እያንዳንዱ ሌየር የሌላውን ሥራ ማወቅ አያስፈልገውም" እንባላለን። በዲዛይን ደረጃ እውነት ነው፤ ውበቱም እሱ ነው። ዋይፋዩን በፋይበር ብትቀይር ፕሮግራሙ አይሰማውም። ግን የመንገዱ ስፋት የታችኛው ሌየር ጉዳይ ሆኖ ሳለ የላይኛው ካልሰማው ሥራ ይቆማል። ግድግዳዎቹ መካከል ትናንሽ መስኮቶች አሉ። ሰባቱን ሳጥን ብቻ የተማረ ልጅ መስኮቱን ሲያይ ቀዳዳ ይመስለውና ይደፍነዋል። የደሴው ልጅ የሠራው ይህንን ነው፣ ለበጎ ብሎ።

ጥገናው ራሱ ከሻይ መጠጫ ጊዜ አልበለጠም። ሰርቨሩ ፋየርዎል ላይ "መከፋፈል ያስፈልጋል" የሚለው መልእክት እንዲገባ ተፈቀደ። ሌላው እገዳ እንዳለ ቀረ፤ ልጁ መጠንቀቁ ትክክል ነበርና። ሁለቱ ራውተሮች ላይ ደግሞ ሰላምታው ሲያልፍ "እስከ 1460" የሚለውን "እስከ 1428" ብለው እንዲያርሙት አደረግን። 1468 ሲቀነስ 40፣ 1428 ነው። ይህ መደረቢያ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው በሩን መልሶ ቢዘጋው እንኳ ከረጢቶቹ ገና ከቤት ሲወጡ በልካቸው ይታሰራሉ።

አንድ ነገር ሳይሠራ ቀረ። የመጋዘኑ ፕሮግራም መረጃውን ሳያመሰጥር ነው የሚልከው፣ ይህ ዓይነቱ ቱነልም ብቻውን አያመሰጥርም። ዋየርሻርክ ላይ የደንበኛ ስምና የብር መጠን እንደ መጽሐፍ ይነበብ ነበር። ለሐጂ በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩና "ይህንንማ ቶሎ እንሸፍነው" አሉ። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ያዝን።

ልጅቷ ዝርዝሩን ተጫነችው። ወዲያው መጣ። ሦስት ቀን የተጠራቀመ ትዕዛዝ ነው፣ ገጹ ወደ ታች አያልቅም። "አብሽሪ፣ ቀስ ብለሽ አትሚው" አሏት ሐጂ። ሹፌሮቹ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሡ። የመጀመሪያው ወረቀት ከማተሚያው ሳይወጣ የመጋዘኑ ትልቅ በር ተከፈተ።

ከመሄዴ በፊት በጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ላይ የጻፍኩላት ነገር ነበር። መብራቷ ትበራለች? ራውተሩ ይመልሳል? ሰርቨሩ ይመልሳል? የመግቢያው ገጽ ይከፈታል? ዝርዝሩ ይመጣል? ከሥሩ ሁለት ዓምድ፦ ትልቅ ይሄዳል፣ ትልቅ ይመጣል።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ደወለች። ስልኩን ሳነሣ ከሰላምታው ቀጥላ "ጋሼ፣ አንደኛው ላይ ነው" አለችኝ። "መብራቷ ጠፍታለች። ገመዱን አይቸዋለሁ፣ ጣሪያ ላይ የወጡት ሠራተኞች ረግጠውታል። ኮኔክተር ይዘህ ና።"